«ጊቭ ኤንድ ሪፈር»፦ አብሮ ስለ መጻፍ

(በማኅበራችን የምሩቃን መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት በመጠኑ ተስተካክሏል)



አዘጋጆቹ መጀመሪያ የጠየቁኝ በገጠር ሆስፒታል ስለ እናቶች ጤና እንድናገር ነበር። እሺ ብዬ ስዘጋጅ ከረምኩና መጨረሻ ላይ ደውዬ ርእሱን ለወጥኩባቸው። ስለ እንግሊዝኛ ጽሕፈት ማስተማር ልናገር ነው ስላቸው ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም ተባለ። እውነታቸውን ነው። የእንግሊዝኛ መምህራን ከፊት ተቀምጠው ሐኪም ስለ ጽሕፈት ስታወራ፣ ያው ለቄስ ቅዳሴ እንደ ማስተማር ነው። እኔ ግን ርእሱን የለወጥኩ አይመስለኝም። ለምን እንደዚያ እንደማስብ በአንዲት ወረቀት ልጀምር።

ነገሩ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። ያን ጊዜ በምሠራበት ሆስፒታል ተረኛ ነበርኩ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ አምቡላንስ ከዓባይ በኩል ካለው ቆላ አንዲት ነፍሰ ጡር ይዞ መጣ። በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለች ልጅ ናት፤ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ቤቷ ሳለች ሁለት ጊዜ አንቀጥቅጧታል። ደም ግፊቷ ከፍተኛ፣ ፊቷ ያበጠ፣ ስትጠራ አፏ ውስጥ የሆነ ነገር ታጉተመትማለች እንጂ በወጉ አትመልስም። ኤክላምፕሲያ ነው። ለዚህ ያለን ዋና መድኃኒት ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። ሐኪም ላልሆናችሁ፣ የመጀመሪያው መጠን በደም ሥር 4 ግራም፣ በሁለቱ መቀመጫ ደግሞ በእያንዳንዱ 5 ግራም፣ በድምሩ 14 ግራም ነው። ከዚያ በኋላ በየአራት ሰዓቱ 5 ግራም ይቀጥላል። ሳይሰጣት ከቀረ እንደገና ያንቀጠቅጣታል። የመጀመሪያው መጠን በላዩ ላይ ከተደገመ ደግሞ ትንፋሿ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብን ጤና ጣቢያው ሰጥቷታል ወይስ አልሰጣትም የሚለውን ነው።

ሪፈር ወረቀቱን ገለጥኩ። በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛ፣ እንዲህ ይላል፦ «ሎዲንግ ዶዝ ማግኒዥየም ሰልፌት ጊቭ ኤንድ ሪፈር»።

በቃ፣ ይኸው ነው። «ጊቭ»። ሰጥተናል ለማለት ነው? ስጧት ማለት ነው? ወይስ መስጠት ነበረብን፣ መድኃኒቱ ግን የለንም ለማለት ነው? መጠን የለም፣ ሰዓት የለም። ስልክ ሞከርን፤ ኔትወርክ የለም። የአምቡላንሱ ሾፌር እኔ በር ላይ ነው የተቀበልኳት አለ። አብራት የመጣችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም የተሳፈረችው መንገድ ላይ ነበር።

አብራኝ የነበረችው ሲስተር ጉልበቷን በመዶሻ ነካ አደረገች፤ እግሯ ዘለል አለ፣ ግን ደከም ያለ ነው። ትንፋሿን ቆጠርን። ካልሲየም ግሉኮኔት አዘጋጅተን አጠገባችን አስቀመጥን። ቀና ስል ባሏ ከበሩ ቆሟል። ጋቢውን አጣፍቶ፣ በትሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ። «ወንድሜ፣ እዚያ መርፌ ወግተዋታል?» አልኩት።

«አዎ ሲስተርየ፣» አለ። (እኛን ሴቶቹን ሁላችንንም ሲስተር ነው የሚሉን፤ ለምጄዋለሁ።) «መጀመሪያ እዚህ እጇ ላይ፣ ቀስ እያሉ። ኋላም ሁለት ጊዜ በመቀመጫዋ፤ አንዱን በዚህ፣ አንዱን በዚያ። ከብት ሲገባ ነው።»

መጠኑ፣ መንገዱ፣ ሰዓቱ፤ ሁሉም አለበት። ከብት ሲገባ ማለት አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ለሚቀጥለው መርፌ አንድ ሰዓት ይቀረዋል። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ የነገረኝ ታሪክ፣ ዲፕሎማ ያለው ባለሙያ ከጻፈው በለጠ። እናትየዋ ተርፋለች፤ ሕፃኑም።

ያን ሰሞን በጸሐፊው ተናድጄ ሰነበትኩ። በኋላ ላይ ለጤና ጣቢያ የተዘጋጀ መመሪያ ስመለከት ዐረፍተ ነገሩን አገኘሁት። መመሪያ ስለሆነ በትእዛዝ ነው የተጻፈው፦ የመጀመሪያውን መጠን ስጥ፣ ወደ ሆስፒታል ላክ። ልጁ ያደረገውን አልጻፈም፤ አድርግ የተባለውን ነው የገለበጠው። ሲማርም ሲፈተንም ሪፖርት ሲያቀርብም ያየው እንግሊዝኛ የሚገለበጥ እንግሊዝኛ ነበርና። «እኔ፣ ዛሬ፣ ይህን አደረግሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ከራሱ አውጥቶ እንዲጽፍ፣ ጽፎም ሌላ ሰው አንብቦት «ይኼ አልገባኝም» እንዲለው፣ ማንም ዕድል አልሰጠውም።

ለእኛስ ማን ሰጠን? እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ።

ዩኒቨርሲቲያችን በ1954 በፈረንጆች አቆጣጠር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ጎንደር ላይ ሲቋቋም የተነሣው አንድ ላይ በሚሠራ ቡድን ሐሳብ ነው። የጤና መኮንኑ፣ ነርሷ፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያው አብረው ተምረው አብረው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። ቲም ትሬኒንግ የምንለው፣ ሁላችንም ያለፍንበት፣ ከዚያ የመጣ ነው። እኔም በሕይወቴ የሠራሁትን ነገር አብዛኛውን የተማርኩት ከዚያ ነው ብል አላጋነንኩም። ሽንት ቤት ቆጥረናል፣ ምንጭ አጎልብተናል፣ ቤት ለቤት ዞረናል። ሪፖርቱን ግን የጻፈው አንድ ልጅ ነው። ሽፋኑ ላይ የሁላችንም ስም አለ፤ የእኔም። የውኃው ምዕራፍ የእኔ ድርሻ ነበር፤ አንዲት መስመር አልጻፍኩበትም። ያ ልጅ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ እየሳቀ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ። ስንፍናው የእኔ ነበር።

ይህ ነገር የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ግሩፕ አሳይመንት ይታዘዛል፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ያስጠርዛል፣ ሦስቱ «ስሜን እንዳትረሳው» ይላሉ። በኋላም አንድ ለአምስት መጣ፤ ጎበዙን ከሌሎች ጋር አስተሳስረን ነገሩን ሕጋዊ አደረግነው። እኛ ጎጃሞች ለሥራ አብሮ መውጣት ሁለት ስም አለን። ደቦ ሲሆን ጠሪው ጠላና እንጀራ ያዘጋጃል፤ የመጣው ሰው እንዳቅሙ ያጭዳል፣ ባያጭድም ይዘፍናል፣ ማንም አይቆጥርበትም። ወንፈል ሲሆን ግን ይቆጠራል። ዛሬ በሬዬን ይዤ አንተ ማሳ ላይ ከዋልኩ ነገ አንተ እኔ ማሳ ላይ ትውላለህ። የእኛ የቡድን ሥራ ስሙ ወንፈል፣ ግብሩ ግን ደቦ ነው። ችግሩ ማን ስንት ፈር እንዳረሰ የሚያሳይ ነገር አለመኖሩ ነበር።

ጓደኛዬ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። በመጋቢት 2012 በኮቪድ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ቡሬ ቤተሰቦቿ ቤት ገባች፤ እኔም በዚያው አካባቢ ስለምሠራ ማታ ማታ እንገናኝ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ተማሪ ሲመለስ፣ ገና ወደ ትምህርት ክፍል ያልተመደቡ የአንደኛ ዓመት ልጆች ይዛ፣ «በጉግል ዶክስ አብረው እንዲጽፉ ላደርግ ነው፤ አንቺ ደግሞ ስለ ጤና የሚጽፉትን እያየሽ አስተያየት ስጪ» አለችኝ። እኔ ጉግል ዶክስን የማውቀው ሰው የላከልኝን ፋይል ስከፍትበት ብቻ ነበር። አሥራ አንድ ልጆች ሰጠችኝ፤ ከደምበጫ፣ ከጅጋ፣ ከማንኩሳ፣ ከሽንዲ፣ ከራሷ ከቡሬም።

ለማያውቀው ልግለጽ። አንድ ወረቀት አለ እንበል። አሥራ አንዱም በየስልካቸው ያንኑ አንድ ወረቀት ያያሉ። አንዱ ሲጽፍ የሌላው ስክሪን ላይ ፊደሎቹ ሲወጡ ይታያል፤ የጻፈው ሰው ስምም ብልጭ ይላል። ጎኑ ላይ አስተያየት ይጻፋል። የሌላውን ዐረፍተ ነገር ሳትሰርዝ «እንዲህ ቢሆንስ» ብለህ ሐሳብ የምታቀርብበት መንገድ አለ፤ ባለቤቱ ይቀበለዋል ወይም ይጥለዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የለውጥ ታሪክ የሚባል አለው፤ ማን፣ መቼ፣ የትኛዋን ቃል እንደጻፈና እንዳጠፋ ወደ ኋላ እየሄደ ያሳያል። እኔ ይቺን ሳይ ቲም ትሬኒንግ ትዝ አለኝ። ያኔ ቢኖር ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አሳፋሪ ነበሩ። ርእስ ሰጠን፦ በአካባቢያችሁ ስላለ አንድ የጤና ችግር። ሁሉም የየራሱን አንቀጽ ጻፈና ቁጭ አለ። የሌላውን የነካ የለም። አስተያየት ስጡ ሲባሉ «ቬሪ ናይስ» ብለው ጻፉ። አንዱ «ቬሪ ናይስ ብራዘር» አለ። ዐረፍተ ነገሩ ግሥ የለውም፤ ቬሪ ናይስ ተብሎለታል። ጓደኛዬ ትስቃለች፤ እኔ ተናደድኩ። ለብቻ ደውዬ አንዷን ስጠይቃት «ዶክተር፣ እኔ ራሴ ሳላውቅ እንዴት የሰው አርማለሁ? ደሞ ይቀየመኛል» አለችኝ። ይሉኝታ ነው። ኮምፒውተር ይሉኝታን አይነቅልም።

ያኔ ነው አጎቴ ትዝ ያሉኝ። ልጅ ሆነው ዋሸራ ቅኔ ተምረዋል፤ እስኪያርፉ ድረስ ያን ዘመን ማውራት ይወዱ ነበር። የቅኔ ተማሪ ገና ከጉባኤ ቃና፣ ከሁለቷ ቤት፣ ጀምሮ መወድስ እስኪደርስ ድረስ የገዛ ራሱን ነው የሚያመጣው። ቀን ብቻውን ጥላ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል። ከዚያ ጓደኞቹ ባሉበት ለአስነጋሪው ይነግራል። ምሥጢሩ ካልሰመረ፣ ቤቱ ካልመታ፣ እዚያው በሰው ፊት ይነገረዋል፤ ይታረማል፣ ወይም ሂድና እንደገና ቁጠር ይባላል። አጎቴ «አንድ ሳምንት ሙሉ ሁልጊዜ ተመለሰብኝ፤ አልቅሻለሁ» ይሉ ነበር። እሳቸውን ያረማቸው ግን የኔታ ብቻ አልነበሩም፤ ከእሳቸው አንድ ዓመት የሚቀድም ልጅ ነበር። ይኼ ሁሉ እዚሁ ጎጃም፣ ኮረፌና ቆሎ ይዞ፣ ስንት ዘመን የኖረ ነገር ነው። ስለዚህ «እኛ ሰው ፊት መታረም ባህላችን አይደለም» ለሚል ሰው መልስ አለኝ። መታረም የማይሆንልን ሥርዓት ሳይኖረው ሲቀር ነው። እዚያ ማን ለማን እንደሚነግር፣ በምን ሰዓት፣ ስለ ምን እንደሚታረም የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ስድብ አይሆንም።

በሦስተኛው ሳምንት የራሴን ነገር አመጣሁ። ያቺን ሪፈር ወረቀት፣ ስምና ቦታ አውጥቼ፣ እንዳለች ጻፍኳት፤ «ጊቭ ኤንድ ሪፈር» የምትለዋን ጭምር። ከሥሯ አንድ ጥያቄ፦ «እናንተ ተረኛ ናችሁ። ሴትየዋ አልጋ ላይ ናት። ምን ታደርጋላችሁ?» ማታ አራት ሰዓት ላይ ነበር፤ ልጆቹ ርካሹን የሌሊት ጥቅል ስለሚገዙ አምሽተው ነው የሚገቡት። ጠዋት ስከፍተው ወረቀቱ ጎኑን ሁሉ በአስተያየት ተሞልቷል። ማን ሰጠ? ስንት? መቼ? በየት በኩል? አንዱ ልጅ ግሡን ወደ ኃላፊ ጊዜ ለወጠው። ሌላዋ «ዋዝ ጊቭን ብንል ማን እንደሰጠ አይታወቅም» ብላ ተከራከረች። ሦስተኛው «ሰውየውን ማወቅ ለምን ያስፈልጋል፤ የሚያስፈልገው ሰዓቱ ነው» አለ። ስለ ተሻጋሪና ስለ ተገብሮ ግሥ ስንት ሴሚስተር የተማሩት ነገር፣ ያን ሌሊት መጀመሪያ ጊዜ ለሆነ ነገር ጠቀማቸው። ከሽንዲ የመጣችው ልጅ የጻፈችውን አልረሳውም። በእንግሊዝኛ ጀምራ መሀል ላይ ወደ አማርኛ ገባችና «እናቴ በእንዲህ ያለ ወረቀት ነው የሄደችው» አለች። ከዚያ በኋላ ቬሪ ናይስ የሚል አልነበረም።

እዚህ ላይ ለመምህራኖቻችን አንድ ነገር ልጠቁም፤ ታውቁት ይሆናል። በእንግሊዝኛ ጽሕፈት ትምህርት አብሮ መማር የሚለውን ሐሳብ በአሜሪካ ካስፋፉት አንዱ የብሩክሊን ኮሌጁ ኬኔት ብሩፊ ነው፤ በ1984 በፈረንጆች ያወጣው ጽሑፍ ይጠቀሳል። ብሩፊ ራሱ ምንጬ ብሎ ወደ ኋላ የሚጠቁመው ግን የሥነ ጽሑፍ ሰው አይደለም። ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሕክምና ተማሪዎችን ታስተምር የነበረችውን ጄን አበርክሮምቢን ነው። አበርክሮምቢ ተማሪዎቿን በትንንሽ ቡድን አስቀምጣ የሁለት እጆች ራጅ ታሳያቸውና ያያችሁትን ንገሩኝ ትላቸው ነበር። ተማሪዎቹ ያዩትንና የገመቱትን እንደማይለዩ ያወቁት፣ ጓደኛቸው ያንኑ ራጅ አይቶ ሌላ ነገር ሲል ነው። መጽሐፏ በ1960 ታተመ። አያችሁ፣ ሐሳቡ ከእኛው ዋርድ ወጥቶ ነው ወደ እንግሊዝኛ ክፍል የሄደው። እኔ መልሼ ሳመጣው ያን ያህል መዳፈር አይደለም።

በእኛም አገር አብሮ መጻፍ አዲስ አይደለም። በካርተር ማዕከል ድጋፍ፣ በኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ሥልጠና ፕሮግራም፣ የጎንደር፣ የጅማ፣ የዓለማያና የሌሎችም መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የጻፏቸው ሞጁሎችና ሌክቸር ኖቶች አሉ። ብዙዎቻችን በእነሱ ነው የተፈተንን። ለሁሉም ሙያ የሚሆን አንድ ዋና ክፍል፣ ከዚያ ለጤና መኮንን፣ ለነርስ፣ ለላቦራቶሪ፣ ለአካባቢ ጤና የየራሱ ክፍል። ፈረንጅ ከጻፈው መጽሐፍ ይልቅ የሚገባን እሱ ነበር፤ የጻፉት ሰዎች እኛን ስለሚያውቁን ይመስለኛል።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። ሁሉ ነገር አማረ ብዬ እንዳልዋሽ፣ የተበላሸውን ልንገራችሁ።

ከመካከላቸው አንድ በጣም ጎበዝ ልጅ ነበር። የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የተማረ ይመስል እንግሊዝኛው የሚፈስ። ሌሊት ብቻውን ይገባና የሁሉንም አንቀጽ እንዳዲስ ይጽፈዋል። ጠዋት ስናየው ጽሑፉ ያማረ ነው። እኔም ሞኝ ሆኜ «ዛሬ እንዴት ያምራል!» ብዬ አመሰገንኩ። ከሽንዲ የመጣችው ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ አልገባችም። የለውጥ ታሪኩን ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው የእሷ አንቀጽ፣ ስለ እናቷ የጻፈችው፣ አንድ ቃል ሳይቀር ጠፍቷል። በቦታው «ማተርናል ሞርታሊቲ ሪሜይንስ ኤ ሜጀር ቻሌንጅ» የሚል፣ የትም ቦታ የሚገኝ ዐረፍተ ነገር ተተክቷል። እኔ ያመሰገንኩት ያንን ነው። ደወልኩላትና ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። አንቀጿን ከታሪኩ አውጥተን መለስነው።

ከዚያ ወዲህ ደንቡን ከሕክምና ካርድ ወሰድኩ። እኛ ካርድ ላይ ስንሳሳት አንፍቅም፤ በነጭ ቀለምም አንደብቅም። በአንድ መስመር እንሰርዛለን፤ የተሰረዘው እንዲነበብ ሆኖ፣ አጠገቡ ቀንና ፊርማ እናኖራለን። በጽሑፉም እንዲሁ አደረግን። የሌላውን ማንም አያጠፋም፤ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ፣ ለምን እንደሆነም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። ባለቤቱ ካልፈለገ ይጥለዋል። ጓደኛዬ ደግሞ ማርኩን ከፍላ፣ ግማሹን ለመጨረሻው ጽሑፍ፣ ግማሹን ለሌላው ለሰጡት አስተያየት አደረገችው። ያኔ ወንፈል ሆነ። ጎበዙ ልጅም ሌላ ሥራ አገኘ፦ ማረም ሳይሆን ለምን እንደሚታረም ማስረዳት። ይኼ ከበደው። እኔ ለእሱም የጠቀመው ይኼ ነው ባይ ነኝ፤ እሱ እስካሁን አይስማማም።

ስለ ዳታ ወጪ፣ ስለሚፈርሱ ስልኮች፣ በትንሽ ስክሪን ረጅም ጽሑፍ ስለ መጻፍ ብዙ አልልም፤ የምታውቁት ነው። ቡድኑ በየዓመቱ አዳዲስ ልጆች እየጨመረ ሁለት ዓመት ያህል ሄደ።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን ኢንተርኔት ተቋረጠ። አስቸኳይ ጊዜ አዋጁም በዚያው ሳምንት ታወጀ። ወደ አንድ ዓመት ገደማ ብዙዎቻችን ጋ አልተመለሰም። የሁለት ዓመት ሥራችን፣ እያንዳንዷ አስተያየት፣ እዚያው ደመና ላይ ቀረች። እንዳለች እናውቃለን፤ ማየት ግን አንችልም። የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ቀንም ተራዘመ። አንዳንዶቹ ልጆች ቡሬና ፍኖተ ሰላም ቤታቸው ቁጭ ብለዋል። ስለዚያ ዓመት እዚህ ብዙ ማውራት አልፈልግም። ሆስፒታል ውስጥ ሥራው በዝቶ ነበር፤ ይበቃል።

አንድ ቀን ከቡሬዎቹ ልጆች አንዱ ተረኛ ክፍል ድረስ መጣ። በእጁ ባለ 100 ገጽ ደብተር ይዟል። «ዶክተር፣ ለምን በዚህ አንቀጥልም?» አለኝ። በቀኝ ገጽ አንዱ ይጽፋል፤ የግራው ገጽ ባዶ ይተዋል፣ ለሌሎቹ አስተያየት። እያንዳንዱ የራሱ ቀለም አለው፤ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ቢክ። ከአራት በላይ ስንሆን ቀለም አለቀና በስም መጀመሪያ ፊደል ሆነ። ስርዝ በአንድ መስመር፣ ቀንና ፊርማ። ደብተሩ ቡሬ ውስጥ በእግር፣ መንገድ ሲከፈት ደግሞ በሚኒባስ ወደ ማንኩሳና ፍኖተ ሰላም ይሄድ ነበር። አንድ ጊዜ አምስት ሳምንት ጠፍቶ በርበሬ በጫነ መኪና ተመለሰ፤ አሁንም ሲገለጥ ያስነጥሳል።

የገረመኝን ልንገራችሁ። በደብተሩ የተሰጡት አስተያየቶች ረዘም ያሉና የታሰበባቸው ናቸው። በስልኩ ሲሆን ወዲያው መልስ ስለሚመጣ ሰው ይቸኩላል። ደብተሩ ግን አንዴ ከእጅህ ከወጣ መቼ እንደሚመለስ አታውቅም፤ ስለዚህ ያለህን ሁሉ ትጽፍለታለህ። በሌላ በኩል ክርክር የለም። «ዋዝ ጊቭን» ላይ እንደዚያ ሌሊት የሚጋጭ የለም። አንዱ ከአንዱ ይበልጣል ማለቴ አይደለም። እኔ ሁለቱንም እፈልጋለሁ። ዛሬ ኢንተርኔት ከተመለሰ በኋላም ደብተሩን አልተውነውም፤ በወር አንዴ ይዞራል።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ አብሮት የመጣም አለ። ልጆቹ ቻትጂፒቲን አወቁት። አሁን የለውጥ ታሪኩን ስከፍት ሦስት አንቀጽ በአንድ ሰከንድ ዱብ ሲል አያለሁ። እንግሊዝኛው እንከን የለውም። ያ ጎበዝ ልጅ ከጻፈው ዐረፍተ ነገር ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የትም ቦታ የሚገኝ። አልከለከልኩም፤ መከልከልም አልችልም። እንደ ማንኛውም የቡድኑ አባል አስገባነው፦ ሐሳብ ያቀርባል፣ ማጥፋት አይችልም፣ ስሙም ይጻፋል። አንዷ ልጅ ከሥሩ «ይህ ሰው ተረኛ ሆኖ አያውቅም» ብላ ጻፈችበት። ስለ ሐኪሞች ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጥ ስድብ ነው።

አሁን የመጣሁበትን ልጠይቅ። መምህራኖቻችን፣ እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ግሩፕ አሳይመንት ስትሰጡ የመጨረሻውን ጠረዝ ብቻ አትቀበሉ። ረቂቁን፣ ስርዙን፣ ማን ለማን ምን እንዳለ ጠይቁ። ጊዜ ይፈጃል፤ አውቃለሁ፤ መቶ ሃምሳ ተማሪ ላለው ሰው ይህን ማለት ቀላል አይደለም። ለዚያ ነው ምሩቃኑን ደግሞ የምፈልገው። እዚህ ያለነው ከመንዲዳ እስከ ሚኒሶታ ተበትነናል። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ አንድ ቡድን፣ ሦስት ምሩቅ። የእንግሊዝኛ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። «ይኼ አልገባኝም፤ ማን ሰጠ፣ መቼ?» ማለት የሚችል ሰው ነው የሚያስፈልገኝ። መሐንዲሱም፣ ጠበቃውም፣ የባንክ ሠራተኛውም ይህን ይችላል፤ እንዲያውም ከእኛ ይሻላል፣ እኛ የጎደለውን በልማድ ሞልተን ስለምናነብ። እስካሁን ስድስት ሰው ስሙን ሰጥቶኛል። አንዱ የውኃውን ምዕራፍ የጻፈልኝ ልጅ ነው።

ደብተሩን ይዤው መጥቻለሁ። ቡናው ከሚፈላበት ጠረጴዛ ላይ አለ፤ በርበሬ የሚሸተው እሱ ነው። ቀይና አረንጓዴ እስክሪብቶም አስቀምጫለሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ዘንድሮ የገባች፣ ከጅጋ የመጣች ልጅ ስለ አያቷ የዓይን ሕመም የጻፈችው አለ። የግራው ገጽ ባዶ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡላት። እባካችሁ ቬሪ ናይስ ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ ረቡዕ ትጠብቀኛለች።